ስለ ጎበጠ እጀታና ስለማይጎብጥ ልባስ

ከቤት ዕቃ ሁሉ ይልቅ የሚናቀው ክፍል እጀታ ነው። ድስት ሲገዛ ሆዱ ይታያል፤ ምድጃ ሲገዛ ስፋቱና ቀለሙ ይታያል፤ እጀታውን ግን አስቀድሞ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ዕቃው እሳት በያዘ ጊዜ ከሰው እጅ ጋራ የሚገናኘው በዚያ በተናቀው በኩል ብቻ ነው። እጀታው የታመነ እንደ ሆነ ምግቡ በሰላም ይቀርባል፤ ያልታመነ እንደ ሆነ ግን ፍሙ ከሥጋው ጋራ ይፈሳል፤ ፍምም በፈሰሰ ጊዜ ሕፃንና ሽማግሌ አይለይም። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ ያሰብነው፥ በኢናሜል የተለበጠ የደጅ መጥበሻ ምድጃ እጀታው በጎበጠ ጊዜ እንዴት እንደሚቃና፥ መቼ ሳይነካ እንደሚተው፥ መቼስ በሌላ እንደሚለወጥ ነው።

ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ትንሽ ስፍራ ጠባያቸው የማይስማማ ሁለት ነገሮች ተጣብቀው ይኖራሉ፤ አንዱ ብረት ነው፥ ሁለተኛው መስተዋት ነው። የሁለቱን ጠባይ ሳያውቅ መዶሻ ያነሣ ሰው አንዱን ሲያቃና ሁለተኛውን ይሰብራል፤ የሰበረውንም ዳግመኛ ሊያድነው አይችልም።

አስቀድመን የምንናገርለትን ዕቃ እናስታውቅ። በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ዌበር ወንድማማች በሚባለው የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ጆርጅ ስቲቨን የሚባል ሰው ነበረ። ይህ ሰው በጓሮው ክፍት በሆነ ምድጃ ሥጋ ሲጠብስ ነፋሱ ስላስቸገረው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. አንድ ዘዴ ፈለገ። ፋብሪካው በውኃ ላይ እየተንሳፈፈ ለመርከቦች ምልክት የሚሆን ክብ የብረት ኳስ ይሠራ ነበርና፥ ያን ኳስ ከሁለት ከፍሎ የታችኛውን እኩሌታ የፍም ማኖሪያ፥ የላይኛውን እኩሌታ ክዳን አደረገው፤ እግርና እጀታም ቀጠለለት። ባለ ክዳኑ ክብ መጥበሻ ከዚህ ተነሥቶ በብዙ አገር ተሰራጨ። በውጭ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችንም ብዙዎች በበዓል ቀን በጓሯቸው ሥጋ ይጠብሱበታል።

የዚህ ምድጃ አካል ስስ የብረት ቆርቆሮ ሲሆን በውስጥም በውጭም በኢናሜል የተለበጠ ነው። በክዳኑ አናት ላይ አንድ እጀታ፥ በጎድጓዳው ጐንና ጐን ደግሞ ሁለት እጀታዎች አሉት። የክዳኑ እጀታ ብዙ ጊዜ በብሎን የታሰረ ነው፤ የጎድጓዳው እጀታ ግን በአንዳንዱ በብሎን፥ በአንዳንዱ በብየዳ የተያያዘ ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ለምንናገረው ነገር ሁሉ መሠረት ነውና አንባቢ በልቡናው ይያዘው።

እጀታው የሚጎብጠው በሥራ ብዛት አይደለም። የሚጎብጥበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። አንደኛ፥ ምድጃው በነፋስ ወይም በልጆች ጨዋታ ተገፍቶ በእጀታው ላይ ሲወድቅ ነው። ሁለተኛ፥ በመኪና ሲጫን ገመዱ በእጀታው ላይ ተጠምጥሞ ሲጠብቅ ነው። ሦስተኛ፥ ሁለት ሰው ሊያነሣው የሚገባውን አንድ ሰው በአንድ እጀታ ብቻ በድንጋይ ላይ ሲጐትተው ነው። አራተኛ፥ ክዳኑ በተዘጋጀለት ስፍራ ሳይሰቀል በመሬት ላይ ተጥሎ ሰው ሲረግጠው ነው። አራቱም በጥንቃቄ የሚከለከሉ ናቸውና፥ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የአባቶች ቃል ያሰበ ሰው የቀረውን ጽሕፈታችንን ማንበብ ባላስፈለገውም ነበር።

አሁን የኢናሜልን ጠባይ እንመልከት። ብዙ ሰዎች ኢናሜልን ቀለም ይመስላቸዋል፤ እርሱ ግን ቀለም አይደለም፥ መስተዋት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። አሸዋ፥ ቦራክስና ሌሎችም ማዕድናት በአንድነት በእሳት ይቀልጣሉ፤ ቅልጡም በድንገት በውኃ ሲቀዘቅዝ ይከሰከሳል፤ ክስካሹ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል። ይህ ዱቄት ዝገትና ቅባት ፈጽሞ በሌለበት ብረት ላይ ከተቀባ በኋላ ብረቱ 800 ዲግሪ ያህል ወደሚግል እቶን ይገባል። በዚያም ዱቄቱ ዳግመኛ ቀልጦ ብረቱን እንደ ቆዳ ያለብሰዋል። በመጀመሪያው ልባስ ውስጥ ኮባልት የሚባል ማዕድን ጥቂት ይጨመራል፤ እርሱም ልባሱን ከብረቱ ጋራ አጥብቆ ያስይዘዋል።

ዕቃው ከእቶን ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ሌላ ነገር ይሆናል። ብረቱ ከመስተዋቱ ይልቅ ጥቂት አብልጦ ይኰማተራል፤ ስለዚህ ልባሱን እንደ ጨበጠው ይኖራል። የኢናሜልም ብርታት ከዚህ የተነሣ ነው፤ መስተዋት ሲጨበጥ ይችላል፥ ሲሳብ ግን አይችልምና። እንግዲህ በኢናሜል የተለበጠውን ብረት ያጎበጥን ወይም ያቃናን እንደ ሆነ በአንድ ወገን ያለው ገጽ ይሳባል፤ በተሳበውም ወገን ያለው ልባስ ይሰነጠቃል። ለስላሳ ብረት ከ100 እጅ 20 እጅና ከዚያም በላይ ሳይበጠስ ሊለጠጥ ይችላል፤ የኢናሜል ልባስ ግን ከ100 አንድ እጅ እንኳ ሳይለጠጥ ይሰነጠቃል። ሁለቱ አንድ ልብስ ለብሰው ቢኖሩም በመከራ ጊዜ ትዕግሥታቸው አንድ አይደለም።

የብረትስ ጠባይ እንዴት ነው? ብረት ጥቂት ገፍተው ቢለቁት ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ልኩን አልፎ የተገፋ እንደ ሆነ ግን እንደ ጎበጠ ይቀራል። ስለዚህ የጎበጠውን ልናቃና ስንገፋው በለቀቅነው ጊዜ ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የሚያቃናውም ሰው ይህን አውቆ ከሚፈልገው ልክ በጥቂቱ አሳልፎ መግፋት ያሻዋል። ሁለተኛም፥ ብረት በጎበጠበት ስፍራ ላይ ከቀድሞው ይልቅ ይጠነክራል። ብዙ ሰዎችን የሚያሳስታቸው ይህ ነው። እጀታውን ጫፉን ይዘው በጉልበት ሲስቡት፥ የጎበጠው ስፍራ ጠንክሮ ስለ ቆየ አይነቃነቅም፤ በእርሱ ፈንታ ከአጠገቡ ያለው ደኅናው ክፍል ይታጠፋል። በዚህም ምክንያት አንድ ጊዜ የጎበጠው እጀታ ሁለት ጊዜ ጎብጦ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። መድኀኒቱ ኀይሉን ከጎበጠው ስፍራ በጣም አቅርቦ ማሳረፍ ነው።

ሦስተኛም፥ ብረት ይቅር ባይ ነው ቢባልም ይቅርታው ልክ አለው። ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፈ የሰበረ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። እጀታውም አንድ ጊዜ ጎብጦ አንድ ጊዜ ቢቃና ብዙ አይጎዳም፤ በዚያው ስፍራ ሦስትና አራት ጊዜ ከተመላለሰ ግን በውስጡ ስንጥቅ ይጀምራል፤ ስንጥቁም በዐይን ሳይታይ ቆይቶ ዕቃው እሳት ተሸክሞ ሳለ ይበጠሳል። ስለዚህ አስቦ አንድ ጊዜ ማቃናት እንጂ እየሞከሩ መመላለስ አይበጅም።

እንግዲህ እጀታው ጎብጦ በተገኘ ጊዜ መሣሪያ ከመነሣቱ በፊት ምርመራ ይቅደም። ዳኛ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ እንደማይፈርድ ሁሉ፥ ብረቱንና ልባሱን ሳይመረምሩ መፍረድ አይገባም። የሚጠየቀውም ጥያቄ ሦስት ነው። አንደኛ፥ እጀታው ከአካሉ ጋራ የተያያዘው በምንድር ነው? ሁለተኛ፥ እጀታው ከምን ዓይነት ብረት የተሠራ ነው? ሦስተኛ፥ የጎበጠው በየትኛው ስፍራ ነው፤ ከአካሉ ርቆ ነው ወይስ ከሥሩ ነው?

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ አስቀድመን እንናገር። ከለስላሳ ብረት ዘንግ የተሠራ እጀታ ይቃናል። በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ግን አይቃናም፥ ይሰበራል እንጂ። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ አሉሚኒየምም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ይህን ለመለየት በዐይን መመልከት ይበቃል፤ ፈስሶ የተሠራው ወፍራም፥ በገጹም ሻካራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ቅርጹ የተጋጠመበት መስመር ይታይበታል። ማግኔት ደግሞ በብረት ላይ ይጣበቃል፥ በአሉሚኒየም ላይ አይጣበቅም። ፈስሶ የተሠራው እጀታ ተጣምሞ ወይም ተሰንጥቆ የተገኘ እንደ ሆነ ክርክር የለውም፤ በሌላ ይለወጥ።

በብሎን የታሰረው እጀታ ለማቃናት እጅግ የቀለለው ነው፤ ምክንያቱም ብረቱን ከመስተዋቱ አለያይቶ ለብቻው መሥራት ይቻላል። ምድጃው ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ አመዱ ይፍሰስ፥ አካሉም ይታጠብ። ክዳኑ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ይቀመጥ። ብሎኑ በዝገት የተያዘ እንደ ሆነ ጥቂት ዘይት ወይም ላምባ ጠብ አድርጎበት ማሳደር ይሻላል፤ በማግሥቱ ዳዶው በቀላሉ ይፈታል። ላምባ የነካው ስፍራ ግን ኋላ ከእሳት በፊት በሳሙና ፈጽሞ ይታጠብ። ዳዶው በሚፈታበት ጊዜ የብሎኑ ራስ በሌላ ቁልፍ ወይም በካቻቢቴ ተይዞ ይቆይ፤ ያለዚያ ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ እየዞረ በዙሪያው ያለውን ልባስ ይፈቀፍቀዋል።

እጀታው ከወጣ በኋላ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መጨበጫው ይፈታ፤ ብረቱም በሞርሳ ይያዝ። በሞርሳው ጥርሶች መካከል ሁለት ቁራጭ እንጨት ወይም ወፍራም ቆዳ ይግባ፥ ብረቱ እንዳይቈስል። ሞርሳው የሚይዘው ከጎበጠው ስፍራ ቀጥሎ ነው። በሌላው ወገን እጀታው የሚገባበት ርዝመት ያለው የብረት ቱቦ አልብሶ፥ አፉን እስከ ጎበጠው ስፍራ አቅርቦ፥ በዝግታ መግፋት ነው። መዶሻ አያስፈልግም። መዶሻ ኀይሉን በአንድ ቅጽበት ያወርዳል፤ ቱቦው ግን ኀይሉን በእጃችን ልክ ይሰጠናል፥ በፈለግንም ጊዜ እንድናቆም ይፈቅድልናል።

ልኩን በምን እናውቃለን የሚል ቢኖር፥ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ከጎድጓዳው ሁለት እጀታዎች አንዱ ደኅና እንደ ሆነ፥ ደኅናው በወረቀት ላይ ተጋድሞ ዙሪያው በእርሳስ ይሣል፤ የጎበጠው በዚያ ሥዕል ላይ እየተጋደመ ይለካ። የክዳኑ እጀታ ግን መንትያ የለውም፤ ስለዚህ ደኅና የሆነው እኩሌታው ይሣልና ወረቀቱ ከመካከል ታጥፎ ሁለተኛው እኩሌታ ይገለበጥ። በዐይን ግምት ከማቃናት ይልቅ በዚህ ማቃናት ይበልጣል፤ ብረቱም ብዙ ጊዜ ከመመላለስ ይድናል።

እጀታው ተመልሶ በሚታሰርበት ጊዜ ከብሎኑ ራስ በታች ሰፋ ያለ ሮንዴላ ይግባ። ከለስላሳ አሉሚኒየም ወይም ከናስ የተሠራ ሮንዴላ ጭነቱን በልባሱ ላይ አስፍቶ ያካፍላል። ጎማ ግን በእሳት አጠገብ አይሆንም፥ ይቀልጣልና። ዳዶውም በእጅ እስኪደርስ ከተጠበቀ በኋላ በቁልፍ ጥቂት ብቻ ይጨመርበት። ከልክ በላይ ማጥበቅ ብርታት ይመስላል፤ ግን ልባሱን ከብሎኑ ራስ ሥር ይፈረካክሰዋል፤ ዝገትም ሰው በማያየው በዚያ ስፍራ ይጀምራል።

በብየዳ የተያያዘው እጀታ ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብየዳው የተሠራው ከልባሱ በፊት ስለ ሆነ ሊለያይ አይችልም፤ እጀታው ራሱም አንዳንድ ጊዜ በኢናሜል የተለበጠ ነው። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ነገር፥ በጎበጠው ስፍራ ላይ ያለው ልባስ አንድ ጊዜ ስለ ተሰነጠቀ ሲቃና ጥቂት መርገፉ የማይቀር መሆኑን ነው። ልንጠብቀው የምንችለው የእጀታውን ልባስ አይደለም፤ የጎድጓዳውን ልባስ ነው።

የዚህም ሥራ ምስጢር በአንድ ቃል የሚነገር ነው፤ ኀይሉ በሁለቱ እጆች መካከል ይቅር፥ ወደ ጎድጓዳው አይለፍ። ይህም ማለት አንዱ መሣሪያ ይይዛል፥ ሁለተኛው መሣሪያ ይገፋል። በጎበጠው ስፍራና በጎድጓዳው መካከል ያለው ክፍል በጠንካራ ፒንሳ ወይም በመቆንጠጫ ተይዞ፥ ያንን የያዘው ሰው ሳያነቃንቅ ያጸናዋል። ከጎበጠው ስፍራ ወዲያ ያለውን ክፍል ሌላው ሰው በቱቦ ቀስ ብሎ ይገፋዋል። አንዱ በገፋ መጠን አንዱ ይቋቋማል፤ ጎድጓዳውም በመካከላቸው ምንም እንዳልሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያለ ያዢ እጀታውን መግፋት ግን ብየዳውን እንደ ምሶሶ ተጠቅሞ ስሱን ቆርቆሮ ማጠፍ ነው፤ ከዚያም በእጀታው ሥር በውስጥ በኩል ልባሱ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይረግፋል።

የሚሠሩት ሁለቱም ሰዎች መነጽር ያድርጉ። ከኢናሜል የሚረግፈው ፍንጣሪ እንደ መርፌ የሰላ መስተዋት ነው፤ በተሳበም ጊዜ ይፈናጠራል። የእጅ ጓንትም አይቅር። ሕፃናት ከአጠገብ ይራቁ፤ ሥራው ሲፈጸም የረገፈው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፥ ጎድጓዳውም በብዙ ውኃ ይታጠብ።

የጎበጠው ከብየዳው ሥር የሆነ እንደ ሆነስ? በዚህ ጊዜ የሚይዘው መሣሪያ ስፍራ አያገኝም፤ ስለዚህ ኀይሉ ሁሉ በጎድጓዳው ላይ ይወድቃል። ፍርዳችንም ይህ ነው፤ እጀታው ቢጎብጥም የሚጨበጥ፥ የማይነቃነቅ፥ ስንጥቅም የሌለበት እንደ ሆነ እንደ ጎበጠ ይተው። ለዐይን ደስ ባያሰኝም ለእጅ ይታመናል። የሚነቃነቅ ወይም በብየዳው ዙሪያ ስንጥቅ የታየበት እንደ ሆነ ግን ጎድጓዳው ይለወጥ እንጂ አይቃና። ወደ በያጅ ወስዶ እንደገና ማስበየድም በዚህ ዕቃ ላይ አይረዳም፤ የብየዳው ግለት በዙሪያው ያለውን ልባስ አቃጥሎ በውስጥ በኩል ምግብ እስከሚቀርብበት ድረስ ያረግፈዋልና።

በዚህ ስፍራ ስለ አንድ የታወቀ ምሳሌ መናገር ያሻል። ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው ይባላል፤ ቃሉም እውነት ነው። በአዲስ አበባ በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ ሲሆን ያየ ሰው እሳት ብረትን እንዴት እንደሚያለሰልሰው ያውቃል። ነገር ግን ይህ ምሳሌ ለብረት እንጂ ለመስተዋት አልተነገረም። እጀታው ከአካሉ ተለይቶ ለብቻው ከሆነ በባለሙያ እጅ ሊግል ይችላል፤ በኢናሜል ከተለበጠው አካል ጋራ ሳለ ግን እሳት ሊነካው አይገባም። በአንድ ስፍራ ብቻ የጋለው ልባስ ከቀዘቀዘው ጎረቤቱ ጋራ መስማማት አቅቶት ይፈነዳል። እንዲሁም ዚንክ የተቀባ እጀታ ወይም ብሎን በጣም ሲግል የሚያወጣው ጭስ የሚተነፍሰውን ሰው ያሳምመዋልና፥ ይህን ማንም በቤቱ አይሞክር።

እጀታው ከተቃና በኋላ የልባሱ ሁኔታ ይመርመር። ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ በዐይን አይታይም፤ ነገር ግን የጽሕፈት ቀለም ይገልጠዋል። በእጀታው ዙሪያ በውጭ በኩል ጥቂት ቀለም ቀብቶ ጥቂት ቆይቶ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ደኅናው ልባስ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ የተሰነጠቀው ግን ቀለሙን ጠጥቶ መስመሩን ያሳያል። ለጸሐፊ የሚያገለግለው ቀለም በዚህ ጊዜ ለምስክርነት ይቆማል።

በውጭ በኩል ብቻ የረገፈ ልባስ ለምግቡ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው ለብረቱ ነው፥ ዝገት ይጀምራልና። የታየው ብረት በብርጭቆ ወረቀት በጥቂቱ ጸድቶ ለምድጃ ተብሎ የተሠራ እሳት የሚችል ቀለም ይቀባ። ይህ ቀለም ግን ኢናሜል አይደለም፤ ምግብ በሚነካበት በውስጥ በኩል ሊቀባ አይገባም። በውስጥ በኩል ሥጋው ከሚያርፍበት በላይ ልባሱ እየረገፈ እንደ ሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የመስተዋት ፍንጣሪ ወደ ምግብ ሊወርድ ይችላልና ያ ክዳን ከሥራ ይውጣ። አሮጌና ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ኢናሜል ያላቸውን ዕቃዎች ደግሞ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይገባም፤ ከእነርሱ በአንዳንዶቹ ውስጥ ካድሚየም ወይም እርሳስ የሚባለው ማዕድን ይገኛል፥ ትቢያውም ለሚተነፍሰው መርዝ ነው።

የተቃናው እጀታ ሳይፈተን እሳት እንዲሸከም አይፈቀድለት። ምድጃው በቀዝቃዛነቱ ከተለመደው ጭነት ጥቂት የሚበልጥ አሸዋ ይሞላ፤ ከዚያም ሁለት ሰዎች ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ጥቂት ደቂቃ ይያዙት። እጀታው ከተለጠጠ፥ ከተንቋቋ ወይም ብሎኑ ከላላ ያን ጊዜ ይታወቃል፤ በወደቀም ጊዜ የሚፈሰው አሸዋ እንጂ ፍም አይደለም። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው እሳት በደጅ ይነድ። የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፥ ሽታም መልክም የሌለው ገዳይ አየር አለበትና፥ ዝናብ መጣ ብሎ ምድጃውን ወደ ቤት ወይም ወደ ጋራዥ ማስገባት አይገባም። እሳቱ የያዘውን ምድጃ በእጀታው አንሥቶ ከስፍራ ወደ ስፍራ ማዞርም፥ እጀታው ምንም ቢጠነክር፥ ልማድ ሊሆን አይገባውም። ትኩሱንም ልባስ በቀዝቃዛ ውኃ ማጥፋት አይበጅም፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ መስተዋቱን ይሰነጥቀዋል።

ይህ ሁሉ ስለ ደጅ ምድጃ ተነገረ እንጂ ሕጉ በጓዳችን ላሉት ለኢናሜል ማንቆርቆሪያ፥ ለትሪውና ለሳፋውም ያው ነው። የማንቆርቆሪያ እጀታ በተጣመመ ጊዜ በጉልበት ከመመለሱ በፊት ውስጡ ይታይ። በእጀታው ሥር በውስጥ በኩል ልባሱ ረግፎ ጥቁር ብረት የታየበት ማንቆርቆሪያ ውኃ ሊፈላበት አይገባም፤ አበባ ቢተከልበት ይሻላል።

አሁን የቀረን አንድ ነገር ነው፤ ይህን ጽሕፈት እንድንጽፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው። በብዙ ቤት ስለ ዕቃ የሚፈርደው ሰውና ዕቃውን የሚያነሣው ሰው አንድ አይደሉም። እጀታው ጎብጧል፥ ግን ለዛሬ ይበቃል ብሎ የሚወስነው ባለቤቱ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንግዳ ያጫውታል፤ ፍሙን የሚሸከመው ግን ወጥ ቤቱ ወይም ከልጆቹ አንዱ ነው። ለዛሬ ይበቃል የሚለው ቃል ለተናጋሪው ቀላል ነው፥ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነውና። ስለዚህ እኛ እንደ ደንብ ሊያዝ የሚገባውን እንናገራለን፤ ስለ እጀታ የፈረደ ሰው አስቀድሞ በራሱ እጅ ያንሣው። ጭነቱን ሞልቶ፥ በሁለቱ እጆቹ ይዞ፥ አሥር እርምጃ ይሂድ። ልቡ ካልፈራ ለሌላው ይስጥ፤ ልቡ ከፈራ ግን የፈራበትን ነገር በሌላ ሰው እጅ ላይ አይጫን።

ለማቃናት የሚጠፋው ጊዜ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም። ወረቀትና እርሳስ፥ ቱቦና ፒንሳ፥ ሁለት ሰውና ትዕግሥት ይበቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ፍም ያፈሰሰ ግን የሚለቅምበት እጅ አያገኝምና፥ ከበዓሉ ቀን አስቀድሞ እጀታው ይመርመር።